ባልሽ ከጅቡቲ ሲመለስ ለምን ይኮሳተራል?

ዛሬ የማነሳው የከባድ መኪና ሾፌሮችንና የሚስቶቻቸውን ጉዳይ ነው። «አደራ፣ ስሜን እንዳትጠቅሺ» ያለችኝ አንዲት እህት እንዲህ ስትል አጫወተችኝ፦ «ሁለት ሳምንት በር በሩን ሳይ እከርማለሁ። ዶሮ ሠርቼ እጠብቀዋለሁ። እሱ ግን ሁለት ጉርሻ ጎርሶ ይተኛል። ሲነቃ ልጆቹ ላይ ይጮሃል። ሌላ ይዞ ይሆን?»

ይዞ ከሆነም አልያዘም ከሆነ፣ ባልሽን ከኔ ይልቅ የምታውቂው አንቺ ነሽ። እኔ ግን የሾፌር እህት ነኝ። ታላቅ ወንድሜ ተሳቢ ነው የሚነዳው። ከሱ የሰማሁትን፣ በቤቱም ያየሁትን ላውጋሽና ፍርዱን ከዚያ በኋላ ስጪ።

ብዙ ሰው ሾፌርን የሚያደክመው መንገዱ ይመስለዋል። እውነት ነው፣ መንገዱ ቀላል አይደለም። ከአዲስ አበባ ጅቡቲ በጋላፊ በኩል 900 ኪሎ ሜትር ገደማ ነው። ከደጋው ብርድ ተነስቶ አዋሽ፣ ገዋኔ፣ ሚሌ፣ ሰመራ እያለ እስከ ባሕሩ ዳርቻ ይወርዳል። በክረምት ወራት አፋር ላይ ሙቀቱ ከ40 ዲግሪ በላይ ይወጣል። ጎማ የሚፈነዳው ያኔ ነው። በዚያ ሐሩር ክሪክ አስገብቶ ጎማ መቀየር ምን እንደሆነ የቀየረ ያውቀዋል። ግመሉ ደግሞ አለ፤ ድንገት አስፋልት ላይ ይቆማል። ግመል የገጨ ሾፌር ካሳውን ሳይጨርስ ንቅንቅ አይልም።

ወንድሜ ግን ምን ይላል መሰላችሁ? «መንገዱስ ሲነዱት ያልቃል። የማያልቀው ወረፋው ነው!»

በ1990 ዓ.ም. ከኤርትራ ጋር ጦርነት ከተነሳ ወዲህ አሰብ ቀርቶብን የአገሩ ዕቃ ከሞላ ጎደል በጅቡቲ ሆኗል። ባቡሩ በ2009 ዓ.ም. ቢመረቅም አብዛኛው ጭነት ዛሬም የሚመጣው በጎማ ነው። ስለዚህ ሰልፉ የትየለሌ ነው። ወደብ ይደርሳል፤ «ዛሬ ትጭናለህ» ይሉታል። ትራንዚተሩ «ወረቀቱ አልደረሰም» ይላል። ነገ ይባላል፤ ነገ ዓርብ ሆኖ ቢሮው ዝግ ነው። እሱና ረዳቱ ማታ መኪናው ሥር ሰሌን አንጥፈው ይተኛሉ። ውሃውን በጅቡቲ ፍራንክ ነው የሚገዙት። ጭነው ሲወጡ ጋላፊ ላይ ጉምሩክ፣ ሚሌ ላይ ኬላ፣ ከዚያ ደግሞ ሚዛን።

የሚያናድደው የመጨረሻው ነው። አዲስ አበባ ይደርሳል፤ ከባድ መኪና እንደፈለገ ከተማ ስለማይገባ ሰዓት ይጠብቃል። መጋዘኑ ሲደርስ «አራጋፊ የለም፣ ሰኞ ና» ይሉታል። ቤቱ አምስት ኪሎ ሜትር ላይ ነው! ጭነቱን ጥሎ መሄድ ግን አይችልም። ከሄደ ሸራው ይቀደዳል፣ ናፍታው ይቀዳል። ልጆቹ ያሉበት ከተማ ውስጥ ሆኖ ጋቢና ውስጥ ያድራል።

በቢያጆ ለሚከፈለው ሾፌር ደግሞ መቆም ማለት ገንዘብ ማለት ነው። የቆመበትን ቀን የሚከፍለው የለም፤ የያዘውን አበል ይበላዋል። ባለመኪናው በስልክ «የት ደረስክ?» ይለዋል። የባከነውን ቀን ለማካካስ ሌሊት ይነዳል። ለዚህ ደግሞ ጫት ይይዛል። ጫት እንቅልፍን ያዘገያል እንጂ እንቅልፍን አይተካም። ምርቃናው ሲወርድ እንቅልፉ ዕዳውን በአንድ ጊዜ ያስከፍላል፤ ያውም መሪ ላይ።

እንግዲህ ምን ይደረግ? የምመክረው ይህንን ነው።

ለሚስት፦ በገባበት ምሽት የቤት ኪራይና የትምህርት ቤት ክፍያ አታንሺ። የወንድሜ ሚስት መታጠቢያ ውሃ አሙቃ፣ አልጋውን አንጥፋ ትተወዋለች። ወሬው በማግስቱ ቡና ላይ ነው። ሁለተኛ፣ መንገድ ላይ እያለ ደጋግመሽ አትደውይ። መኪናውን ሲያቆም እሱ እንዲደውል ተነጋገሩ። ያላነሳው ስልክ ሁሉ ሴት አይደለም፤ መታጠፊያም ይሆናል።

ለባል፦ ወንድሜ ሆይ፣ ዝምታህ ነው ቤትህን የሚያፈርሰው። ጋላፊ ላይ አራት ቀን መቆምህን ካልነገርካት በምን ታውቃለች? «ወረፋ ላይ ነኝ» ማለት ሁለት ሳንቲም አያስወጣህም፤ የስንት ቀን ጥርጣሬ ግን ይገላግላታል። ኬላ ላይ ዋጥ ያደረግከውን ንዴት ደግሞ ልጅህ ላይ አትትፋው፤ ማኅተሙን የያዘው እሱ አይደለም። እንቅልፍ ከመጣ ጥግ ይዘህ ተኛ። ዘግይቶ የገባ አባት ከቀረ አባት ይሻላል።

ለሁለታችሁም፦ ጥርጣሬው እውነተኛ ምክንያት ካለው በኩርፊያ አይፈታም። ቁጭ ብላችሁ ተነጋገሩ፤ አብራችሁም ሄዳችሁ የኤች አይ ቪ ምርመራ አድርጉ። ከመርመጥመጥ ማወቅ ይሻላል።

እህቴ፣ ባልሽ ደጅ ሲደርስ «ስንት ይዘህ መጣህ?» ከማለትሽ በፊት «ስንት ቀን አቆሙህ?» ብለሽ ጠይቂው። የዚያን ቀን ሳይተኛ ሲያወራሽ ታያለሽ።

ሳምንት በሌላ ጉዳይ እስክንገናኝ ቸር ሰንብቱ!