የሕፃኗ ደመወዝ የማን ነው?

«ልጅ ያቦካው ለራት አይበቃም» ይባላል። አሜሪካዊቷ ሸርሊ ቴምፕል ያቦካችው ግን አንድ ትልቅ የፊልም ኩባንያ አጥግቧል። ስለዚች ሴት ሲነሣ ሰው ሁሉ የሚያስታውሰው የተጠቀለለ ጠጕሯንና ጭፈራዋን ነው። እኛ ግን የምንጠይቀው ሌላ ነው፤ ይኸውም ያ ጭፈራ ጨዋታ ነበርን ወይስ ሥራ? ሥራ ከነበረስ ደመወዙ የማን ነው?

ሸርሊ እንደ አውሮፓውያን አቆጣጠር በ1928 በካሊፎርኒያ ተወለደች፤ ፊልም መሥራት የጀመረችው በሦስት ዓመቷ ነው። በዚያን ጊዜ ያስቸገረ ሕፃን የበረዶ ግግር በተቀመጠበት ጨለማ ክፍል ይዘጋበት እንደ ነበር፣ ራሷ በ1988 ባሳተመችው የሕይወት ታሪኳ ተርካለች። ከ1935 እስከ 1938 በአሜሪካ ሲኒማ ቤቶች ገቢ በማስገባት አንደኛ ነበረች። ኩባንያው ሕፃንነቷ እንዳያልቅበት ከዕድሜዋ አንድ ዓመት ቀንሶ ያወራ ነበር። ይሁን እንጂ አድጋ ሒሳቡን ስትመረምር፣ ከ3 ሚሊዮን ዶላር በላይ ከሆነው ገቢዋ የተረፈላት 44 ሺህ ዶላር ያህል ብቻ ነበር።

«ታዲያ ምን ጐዳት? ትልቅ ሰው ሆናለች» የሚሉ ይኖራሉ። እውነት ነው፤ በ1950 ከፊልም ተሰናብታ፣ ከ1974 እስከ 1976 በጋና፣ ከ1989 እስከ 1992 በቼኮዝሎቫኪያ የአገሯ አምባሳደር ሆና ሠርታለች፤ በ2014 ስትሞትም በክብር ነው። ወላጆቿንም አልተቀየመችም። ነገር ግን የአንዲት ብርቱ ሴት ይቅር ባይነት ለሌሎች ሕፃናት መብት ዋስትና ይሆናልን? አንድ ሰው ጐርፍ ዋኝቶ ስለ ተሻገረ ድልድይ አያስፈልግም አይባልም።

ድልድዩም ቢሆን የተሠራው ዘግይቶ ነው። በ1921 ከቻርሊ ቻፕሊን ጋር የተጫወተው ጃኪ ኩገን፣ ካደገ በኋላ ገንዘቡ በመባከኑ በ1938 እናቱንና የእንጀራ አባቱን ከሰሰ። በዚሁ ምክንያት ካሊፎርኒያ በ1939 ሕግ አወጣች። ሕጉ ግን ብዙ ቀዳዳ ነበረበት። ገቢው የሕፃኑ የራሱ ንብረት መሆኑ የተደነገገውና፣ ከመቶ 15 እጁ እስኪያድግ ተቆልፎ እንዲቀመጥለት የታዘዘው ከ2000 ጀምሮ ነው።

እንግዲህ እኛ ተመልካቾች ከደሙ ንጹሕ ነን ማለት አንችልም፤ ትኬቱን የገዛን፣ ያጨበጨብንም እኛው ነን። ሕፃን በመድረክ ወይም በፊልም ባየን ቍጥር፣ መቼ ይማራል? መቼ ይተኛል? ደመወዙስ በማን እጅ ነው? ብለን እንጠይቅ። በዚህ ነገር የሕግ ተማሪዎችና መምህራን አሳባቸውን ቢጽፉልን ገጻችን ክፍት ነው።