ስለ አሮጌ ወለል ንጣፍና ስለ አስቤስቶስ

በአሜሪካ አገር በዋሺንግተን ከተማና በአጠገቡ ባሉት በሜሪላንድና በቨርጂንያ ግዛቶች የሚኖሩ ብዙ ኢትዮጵያውያን በድካማቸው ባገኙት ገንዘብ ቤት ገዝተው ተቀምጠዋል፤ ካህናትና ምእመናንም ተባብረው አሮጌ ሕንፃ እየገዙ ቤተ ክርስቲያን ማድረጋቸው የታወቀ ነው። ሥራው የሚያስመሰግን ነው። ነገር ግን አሮጌ ቤት የገዛ ሰው ከግድግዳውና ከጣራው ጋራ፥ ከመሬት በታች ባለው ክፍል የተነጠፈውንም አብሮ ገዝቷልና ምን እንደ ገዛ ሊያውቅ ይገባዋል።

አስቤስቶስ ከምድር ተቆፍሮ የሚወጣ፥ እንደ ቃጫ እየተሰነጠቀ የሚረቅ ማዕድን ነው። እሳት የማይበላውና ርካሽ ስለ ነበረ፥ እንደ አውሮፓ አቈጣጠር ከ1920ዎቹ አንሥቶ እስከ 1980 ግድም ድረስ የአሜሪካ ንጣፍ ሠሪዎች ከአስፋልትና ከቪኒል ጋራ ሲለውሱት ኖረዋል። ይልቁንም በየጎኑ 9 ኢንች፥ ማለት 23 ሳንቲ ሜትር ያህል የሆነው ንጣፍ የሚያጠራጥር ነው፤ 12 ኢንች የሆነውም ቢሆን ነጻ ነው አይባልም። ከበታቹ ያለው ቅጥራን የመሰለ ጥቁር ማጣበቂያም ብዙ ጊዜ ይህንኑ ማዕድን ይዞ ይገኛል። ይህን በዓይን አይቶ የሚለይ የለም፤ በላቦራቶሪ ተመርምሮ ብቻ ይታወቃል።

ንጣፉ ሳይሰበርና ሳይፋቅ በቦታው የተቀመጠ እንደ ሆነ፥ ማዕድኑ በውስጡ ታስሮ ስለሚኖር የሚራመድበትን ሰው አይጎዳም። ጉዳቱን የሚያመጣው የባለቤቱ ትጋት ነው። ክፍሉን አሳምሮ ለማከራየት አስቦ በዕረፍት ቀኑ ንጣፉን በመዶሻ እየሰበረ ያነሣል፤ ጥቁሩን ማጣበቂያ በመኪና ይፍቃል፤ አቧራውንም በደረቁ ይጠርጋል። በዚያን ጊዜ ከዓይን የረቀቀው ጭረት በአየር ላይ ለብዙ ሰዓት ይንሳፈፋል፤ በልብሱም ተይዞ ልጆቹ ወዳሉበት ወደ ላይኛው ቤት ይወጣል። በዚያ ቀን የሚታመም የለም። የሳንባ መጠንከርና የሳንባ ካንሰር፥ ሜሶቴልዮማ የተባለውም የሳንባ ሽፋን ካንሰር የሚገለጹት ብዙውን ጊዜ 20 ወይም 40 ዓመት ካለፈ በኋላ ነው። አንድ ቀን የሠራ ሁሉ ይታመማል ማለት አይደለም፤ አደጋው በተነፈሰው መጠን የሚያድግ ነው፤ ሆኖም አይጎዳም የሚባል ልክ አልተገኘለትም።

ስለዚህ ከሁሉ የሚሻለው መድኃኒት፥ ደኅና የሆነውን ንጣፍ ሳይነኩ በላዩ ሌላ ወለል መዘርጋት ነው። ይህም ሚስማር ሳይመቱበትና ሳይፍቁት መሆን አለበት፤ እርጥበት ንጣፉን እየፈነቀለ ስለሚያነሣውም አስቀድሞ ውሃ የሚገባበትን መድፈን ያስፈልጋል። ተሰባብሮ የተገኘ እንደ ሆነ ክፍሉን ዘግቶ ፈቃድ ያለውን ባለሙያ መጥራት ነው እንጂ፥ መጥረግም ሆነ በተራ የአቧራ መሳቢያ መኪና መሰብሰብ አይገባም። ባለሙያው ዋጋው ውድ ነው ይባላል፤ መሸፈን ግን ብዙ ወጪ የለውም።

የአሜሪካ የአካባቢ ጥበቃ መሥሪያ ቤት በ1989 አስቤስቶስን በብዙ ዕቃ ላይ ከልክሎ ነበር፤ በ1991 የይግባኝ ፍርድ ቤት አብዛኛውን ሻረው፤ በ2024 ደግሞ መሥሪያ ቤቱ ክሪሶታይል የተባለውን ዓይነት የሚከለክል ደንብ አወጣ። ክርክሩ ለሕግ ዐዋቂዎች የሚጥም ነው፤ ነገር ግን ከነዚህ ደንቦች አንዱም ቀድሞ የተነጠፈውን አንሡ አላለም።

ለቤተ ክርስቲያን አስተዳዳሪዎች ግን አንድ ልዩነት አለ። የአገሩ ጠቅላላ ሕግ ከአራት ቤተ ሰብ የማይበልጥ የሚኖርበትን መኖሪያ ቤት ትቶ፥ የሕዝብ መሰብሰቢያ የሆነ ሕንፃ ከመታደሱ ወይም ከመፍረሱ በፊት አስቤስቶስ እንዳለበት እንዲመረመር ያዛል። እንግዲህ ምእመናን ለበረከት ብለው የአዳራሹን ወለል ለመንቀል ሲሰበሰቡ፥ ምርመራው መፈጸሙን ጠይቆ ማስቆም የአስተዳዳሪው ፈንታ ነው። ቆንስላዎችም ይህንኑ በአማርኛ ጽፈው ቢያድሉ መልካም ነው። የተሸፈነውም ንጣፍ በየትኛው ክፍል እንዳለ በደብሩ መዝገብ መጻፍ አለበት፤ ከዓመታት በኋላ ቧንቧ ለመቅበር ወለሉን የሚሰረስረው ሠራተኛ ከበታቹ ያለውን አያውቅምና።