ቡናውን ይጠጣል፣ ክኒኑን ይተወዋል

መካኒሳ ሰላጣ ስገዛ ከየት እንደመጣ ጠይቄ አላውቅም፤ ሻጯ ግን ሳልጠይቃት ትምላለች፦ «ጋሼ፣ የወንዝ አይደለም፤ የጉድጓድ ነው!» ትንሹን አቃቂ ወንዝ በድልድይ ያለፈ ሁሉ መሐላው ለምን እንዳስፈለገ ይገባዋል። ሽታውንና ቀለሙንማ ለምደነዋል። እኔን ያስደነገጠኝ የማይሸተውና የማይታየው ነው።

በየካቲት 2014 ዓ.ም. በእንግሊዙ ዮርክ ዩኒቨርሲቲ መሪነት የወጣ ጥናት በ104 አገሮች የሚገኙ 258 ወንዞችን የመድኃኒት ቅሪት ለክቷል። ከላሆርና ከላፓዝ ቀጥሎ በብክለቱ ሦስተኛ የወጣችው አዲስ አበባ ናት፤ በአማካይ በሊትር 51.3 ማይክሮግራም። በቤታችን መለኪያ ሲመነዘር፣ አንድ ባለ500 ሚሊግራም ክኒን በአሥር ባለሺህ ሊትር ሮቶ ውኃ ውስጥ እንደማሟሟት ነው። ትንሽ ይመስላል። ወንዙ ግን ቀን ከሌት እየወረደ ነው፤ ከዳር ያለው ጎመንም ከዚያው ይጠጣል።

ጥፋቱ የመድኃኒት ደፊዎች ብቻ አይደለም። ለስኳር ሕመም የሚታዘዘውን ሜትፎርሚን ሰውነታችን አይፈጨውም፤ እንደገባ በሽንት ይወጣል። በቀን 100 ሺህ ሜትር ኪዩብ እንዲያጣራ የተሠራው የቃሊቲ ፍሳሽ ማጣሪያ ጣቢያም ሲታነፅ የታሰበው ለሌላ ዓይነት ቆሻሻ ነው።

ስለዚህ ሰው ሠራሽ ረግረግ ይሠራ የሚሉ ወዳጆች አሉኝ። ሐሳቡን እወደዋለሁ። ጠጠር በተሞላ ገንዳ ሸምበቆ፣ ደንገል ወይም ፊላ ይተከላል፤ ፍሳሹ በጠጠሩ መሐል ቀስ እያለ ሲያልፍ ሥሩና ጠጠሩ ላይ የሰፈሩ ረቂቅ ተሕዋስያን ቆሻሻውን ይበሉታል። ኬቴ ዛይደል የተባሉት ጀርመናዊት በ1950ዎቹ (እንደ ፈረንጅ አቆጣጠር) ጀመሩት፤ በእኛም አገር ሞጆ ላይ በቆዳ ፋብሪካ ፍሳሽ ተሞክሯል።

ችግሩ ረግረግ ምርጫ ማብዛቱ ነው። የቡናችንን ካፌይን ደህና አድርጎ ይጠጣል፤ አይቡፕሮፌንንም አይንቅም። ዳይክሎፌናክ ላይ ያመነታል። የሚጥል በሽታ ማስታገሻውን ካርባማዜፒንን ግን እንደመጣ ይሸኘዋል። ያ ጥናት በዓለም ወንዞች ደጋግሞ ካገኛቸው አንዱ ደግሞ ይኸው ነው።

ቢሆንም በከተማችን የወንዝ ዳርቻ ልማት ለዓይን ብቻ ከሚነጠፈው ሣር ጥቂቱ በደንገል ቢተካ ደስታዬ ነው፤ ቢያንስ ሥራ አይፈታም። «ረግረግ ስላለ ጎመኑ ንጹሕ ነው» የሚለኝ ከመጣ ግን አልሰማውም። ክኒኑን የሚያስቀረው ወንዙ ጋ ከመድረሱ በፊት ያለው ሥራ ነው፤ ትርፍ መድኃኒት መልሶ መሰብሰብ፣ የሆስፒታል ፍሳሽን ለብቻው ማከም።

እኔም ቀኑ ያለፈበትን ክኒን ሽንት ቤት ስደፋ ነው የኖርኩት። ባለፈው ወር በፌስታል ጠቅልዬ ለሰፈሩ ፋርማሲ ወሰድኩት። ልጅቷ ሳቋን መቆጣጠር አቃታት፦ «ጋሼ፣ እኛ እኮ መሸጥ ነው እንጂ መቀበል የለብንም!» ፌስታሉ ዛሬም ቁም ሳጥን አናት ላይ ነው።