የግድግዳው ባሮሜትር አልተበላሸም

ባለፈው እሑድ አንድ የሥራ ባልደረባዬ ቤት ቡና ተጠርቼ ሄድኩ። ሳሎኑ ያማረ ነው። መደርደሪያው ላይ የነሐስ ማይክሮስኮፕ፣ ከጎኑ ባለ ሁለት ሳህን ሚዛን፣ ግድግዳው ላይ ደግሞ አሮጌ ባሮሜትር አለ። ባሮሜትሩ የሰዓት ፊት በመሰለው ገጹ ላይ በእንግሊዝኛ «ማዕበል»፣ «ዝናብ»፣ «ለዋጭ»፣ «ብራ» የሚሉ ቃላት ተጽፈውበታል። መርፌው ግን ከ«ማዕበል» በታች ወርዶ እዚያው ቀርቷል። ውጭ ደግሞ ፀሐዩ አናት ይበሳል!

«ምን ሆኖ ነው?» አልኩት።

«ተወው እባክህ፤ ከገዛሁት ጀምሮ ተበላሽቶ ነው። ለጌጥ ነው የሰቀልኩት» አለኝ።

ቡናው እስኪፈላ ስለ ሌላ ነገር ተጫወትን። ወደ ቤቴ ስመለስ ግን ነገሩ ከአእምሮዬ አልወጣም። ያ መሣሪያ ተበላሽቷልን? በፍጹም! ባሮሜትር የሚለካው የአየርን ግፊት ነው። በባሕር ጠለል ላይ ግፊቱ በአማካይ 760 ሚሊ ሜትር ባዜቃ ይሆናል። ላሊበላ ከባሕር ጠለል በላይ ወደ 2,500 ሜትር ከፍታ ላይ ያለች ስለሆነች፣ ግፊቱ እዚህ ወደ 560 ገደማ ይወርዳል። በባሕር ጠረፍ ባለ ከተማ ይህን ያህል ዝቅታ በብርቱ ማዕበል ቀን እንኳ አይታይም። እንግዲህ ያ ምስኪን መሣሪያ በተሰቀለበት ቀን ሁሉ «ያላችሁት ከፍ ካለ ቦታ ነው፤ እኔ የተሠራሁት ለቆላው ነው» እያለ ሲጮህ ኖሯል። ሰሚ አጣ እንጂ እውነቱን ነበር የሚናገረው።

ይህን የማነሣው ባልደረባዬን ለመውቀስ አይደለም። እንዲያውም አሮጌ የሳይንስ መሣሪያ ሰብስቦ ቤትን ማስጌጥ፣ ከፕላስቲክ አበባ የተሻለ ምርጫ ነው ባይ ነኝ። ጥያቄዬ ሌላ ነው። መምህር ወይም እጩ መምህር የሆነ ሰው መሣሪያን እንደ አበባ ማስቀመጫ ብቻ ሊያየው ይገባልን?

አንዳንዶች «ጌጥ ቢሆን ማንን ይጎዳል?» ይላሉ። ሌሎች ደግሞ «አሮጌ ነገር ሁሉ ሙዚየም ይግባ» ይላሉ። እኔ በበኩሌ በሁለቱም አልስማማም። መሣሪያ የተሠራው ለጥያቄ ነው። ጠያቂ ካገኘ ቤት ውስጥም ቢሆን ያስተምራል፤ ጠያቂ ካጣ ግን ሙዚየም ውስጥም ቢሆን ዲዳ ነው።

ለዚህ ጥሩ ምሳሌ የሚሆነን የአገራችንን ተራሮች የለካ ሰው ቤት ነው። አንቷን ዳባዲ የተባለው ተጓዥ እ.ኤ.አ. ከ1838 እስከ 1848 በኢትዮጵያ ሲዘዋወር፣ ቴዎዶላይት በተባለው የማዕዘን መለኪያ ከአንዱ ተራራ ሌላውን እያነጣጠረ የሰሜኑንና የደቡብ ምዕራቡን ምድር ለክቷል። አገሩ ሲመለስ በፈረንሳይ ጠረፍ፣ አንዳይ በተባለች ከተማ አጠገብ ትልቅ ቤት አሠራ። ግድግዳው ላይ የኢትዮጵያ ፊደልና ሥዕል አለበት። ነገር ግን በዚያው ቤት ውስጥ የከዋክብት መመልከቻ ክፍል ነበረው፤ በዚያም እስከ 1975 እ.ኤ.አ. ድረስ የከዋክብት ቦታ ሲለካና ሲመዘገብ ኖሯል። ያ ቤት ያጌጠው በመሣሪያ ነው፤ መሣሪያውም እያጌጠ ይሠራ ነበር። ለእኛም ትምህርቱ እዚህ ላይ ነው።

«እኛ ቴዎዶላይት ከየት እናምጣ?» የሚል ይኖራል። ታዲያ የሳይንስ መሣሪያ ማለት የግድ ነሐስና መስተዋት ያለው ነው ያለው ማነው? ቁናና ላዳን የይዘት መለኪያ ናቸው። የ1780 ዓመት ቁጥር የተቀረጸበት የማርያ ትሬዛ ብር 28 ግራም ገደማ ስለሚመዝን፣ ለአንጥረኛው የወቄት መመዘኛ ነበር። አባቶቻችን ሰዓት ሲያሰሉ የገዛ ጥላቸውን በጫማ ይለኩ ነበር። እነዚህን ዛሬ የምናያቸው ለቱሪስት መሸጫ ተደርድረው ነው። ሠልጣኙ ቁናን አይቶ «ባህላዊ ዕቃ» ብሎ ያልፋል፤ ስንት ሊትር እንደሚይዝ ግን በውኃ ሞልቶ ለክቶ አያውቅም።

ጥላን ካነሣን አይቀር አንድ ነገር ልጨምር። የአውሮፓ የፀሐይ ሰዓት ገዝቶ ግቢው ውስጥ ያቆመ ሰው ትክክለኛ ሰዓት አያገኝም። ጥላ የምትጥለው ዘንግ የምታዘነብልበት ማዕዘን ከአገሩ ኬክሮስ ጋር እኩል መሆን አለበት። ለለንደን 51 ዲግሪ ተኩል ነው፤ ለላሊበላ ግን 12 ዲግሪ ብቻ። ደግሞም እኛ ዘንድ በዓመት ሁለት ጊዜ፣ በሚያዝያ አጋማሽና በነሐሴ አጋማሽ ገደማ፣ ፀሐይ እኩለ ቀን ላይ በትክክል አናታችን ላይ ትቆማለች። ቀጥ ብሎ የተተከለ እንጨት ያን ጊዜ ጥላ አይኖረውም። ለንደን ይህ ፈጽሞ አይታይም። እሑድ ሰኔ 14 ቀን 2012 ዓ.ም. ማለዳ ጨረቃ ፀሐይን ቀለበት አስመስላ በሸፈነች ጊዜ የላስታ ሰማይ ለዓለም ሁሉ መነጋገሪያ ነበር። እንዲህ ያለ ሰማይ ሥር የሚሠለጥን መምህር አንድ እንጨት ተክሎ ጥላ ሳይለካ ቢመረቅ ያሳዝናል።

እርግጥ መሰብሰብ ጥንቃቄ ይፈልጋል። አንደኛ፣ አሮጌ ባሮሜትርና ቴርሞሜትር ብዙ ጊዜ ባዜቃ አለበት። ከተሰበረ እንፋሎቱ መርዝ ነው። በመጥረጊያ አይጠረግም፤ ልጆች ይውጡ፣ መስኮት ይከፈት። ልጆች በሚጫወቱበት ሳሎን ባዜቃ ያለበትን መሣሪያ መስቀል ልክ አይደለም። ሁለተኛ፣ በጨለማ እንዲያበሩ ተብለው በራዲየም የተቀቡ የድሮ ኮምፓሶችና ሰዓቶች አሉ። ብርሃናቸው ቢጠፋም ጨረራቸው አልጠፋም፤ መስተዋታቸው መከፈት የለበትም።

ሦስተኛውና ትልቁ፣ ዕቃው ከየት መጣ? የሚለው ነው። ላሊበላ ይህን ጥያቄ በሐዘን ታውቀዋለች። አፍሮ አይገባ የተባለው መስቀል በ1989 ዓ.ም. ከቤተ መድኃኔ ዓለም ተሰርቆ በቤልጅግ አገር በአንድ ሰብሳቢ እጅ ተገኘ። መመለሱ መልካም፤ ግን ያ ገዢ መጀመሪያ «ይህ የማን ነው?» ብሎ ቢጠይቅ ኖሮ ምን ነበረበት? የቅርስ አዋጅ ቁጥር 209/1992 ቅርስ የያዘ ሰው የመጠበቅ ግዴታ እንዳለበት ይደነግጋል። ከትምህርት ቤት ላቦራቶሪ «አሮጌ ነው» እየተባለ የወጣ ማይክሮስኮፕም ቢሆን የተማሪ ንብረት ነው። ደረሰኝ የሌለው ጌጥ በእኔ ዓይን ጌጥ አይደለም።

እንግዲህ ሐሳቤ ይህ ነው። በየቤታችን ያለውን መሣሪያ በወር አንድ ቀን ወደ ተቋሙ የትምህርት መርጃ ማዕከል እናምጣ። ለእያንዳንዱ ትንሽ ካርድ ይጻፍለት፤ ምን ይለካል፣ ከየት ተገኘ፣ ዛሬስ ይሠራል ወይ? ሠልጣኞች ይንኩት፤ ከተበላሸም ለምን እንደተበላሸ ይመርምሩ። የመጀመሪያውን ሥራ እኔ ልጠቁም። ውኃ ይፈላና ቴርሞሜትር ይግባበት። መጽሐፉ 100 ዲግሪ ይላል፤ እዚህ ግን 92 ገደማ ላይ ይንተከተካል። ከ4,200 ሜትር በላይ በሆነው አቡነ ዮሴፍ ተራራ ላይ ደግሞ 86 ገደማ ላይ ይፈላል። የድሮ ተጓዦች የተራራ ከፍታ የሚለኩበት አንዱ መንገድ ይኸው ነበር። ባቄላ በደጋ ቶሎ አልበስል የሚለውም በዚሁ ምክንያት ነው፤ እናቶቻችን ያለ ቴርሞሜትር ያወቁት ነገር ነው።

ባልደረባዬ ይህችን ጽሑፍ ሲያነብ ይቀየመኝ ይሆናል። ቢቀየመኝም ቡናውን አይከለክለኝም። ብቻ አደራ፣ ባሮሜትሩን «ላስጠግን» ብሎ ብሎኑን እንዳያዞረው! ይልቅ ከሥሩ አንዲት ወረቀት ይለጥፍበት፤ «ይህ መሣሪያ ደኅና ነው። ከፍ ያልነው እኛ ነን» የምትል።