የተበላሸው ሮቦትና ያለ ምስክር የተፈረደበት ልጅ



በዚህ ዐምድ ስለ ልጆች አመጋገብ፥ ስለ ቤት ንጽሕናና ስለ ልጆች አስተዳደግ ስንነጋገር ቆይተናል። ዛሬ ግን ብዙ ሰው ከቁም ነገር የማይቈጥረውን አንድ ጕዳይ ላቀርብላችሁ እወዳለሁ፤ ይኸውም የልጅ መጫወቻ የኾነ ሮቦት በውስጡ ያለው የኤሌክትሪክ ሽቦ ሲበላሽ አባትና እናት ምን ማድረግ እንደሚገባቸው ነው። ነገሩ ትንሽ መስሎ ይታያል። ነገር ግን ከዚህ ትንሽ ነገር የእሳት አደጋም የልጅ ልብ ማዘንም ሊመጣ እንደሚችል በገዛ ቤቴ አይቻለሁና ያየሁትን ሳልሸሽግ እነግራችኋለሁ።

መኖሪያዬ ከአዲስ አበባ በስተ ደቡብ፥ በአቃቂ ቃሊቲ፥ በቂሊንጦ ነው። ታናሹ ልጄ ዕድሜው 8 ዓመት ነው። ባለፈው የዘመን መለወጫ የክርስትና አባቱ አንድ ሮቦት ገዝተው አመጡለት። ቁመቱ አንድ ስንዝር ያህል ኾኖ፥ በደረቱ ላይ ቀይ መብራት ያለው፥ በ3 የባትሪ ድንጋይ እግሩን እያነሣና እየጣለ የሚሄድ ነው። ልጁም ሦስት ቀን ሙሉ ከእጁ ሳይለየው ዋለ። በአራተኛው ቀን ግን ሮቦቱ ቆመ። ወደ ላይ ሲያነሡት መብራቱ ይበራል፥ እግሩም ይወራጫል፤ በመሬት ላይ ሲያቆሙት ወዲያው ይጠፋል።

እኔም በዚያ ዕለት ከፍርድ ቤት ሥራዬ ደክሜ ገባሁና ነገሩን ሰማሁ።

«ምን አደረግኸው?» ብዬ ጠየቅሁት።

«ምንም አላደረግሁትም አባባ፤ ብቻውን ነው የቆመው።»

«ብቻውን የሚቆም ነገር የለም፤ ጥለኸው ነው።»

«አልጣልሁትም» አለ፤ ዐይኑም እንባ ሞላ።

እኔ ግን ስለ ሰበረው አንድ ሳምንት፥ ስለ ዋሸም ሌላ አንድ ሳምንት ጨዋታ እንዲቀርበት ፈረድሁበት። ሮቦቱንም ከእጁ ወስጄ እግሩን አጥፌ በቁም ሳጥኑ ላይ፥ ከቤት ወረቀቶቼ ክምር በላይ አጋደምሁት። በቍጣ ላይ ስለ ነበርሁ ማብሪያውን አላጠፋሁም፤ የባትሪ ድንጋዮቹንም አላወጣሁም።

ከሌሊቱ 5 ሰዓት ሲኾን ልጁ ወደ መኝታችን መጣ። «አባባ፥ የሚቃጠል ነገር ይሸታል» አለኝ። እኔም መጫወቻውን ለማውረድ የፈጠረው ምክንያት መስሎኝ «ሂድ ተኛ» አልሁት። ባለቤቴ ግን ቀና ብላ «ለእኔም ይሸተኛል፤ ተነሥተህ እይ እንጂ» ብትለኝ ተነሣሁ። መብራት አብርቼ ወደ ቁም ሳጥኑ ብመለከት የሮቦቱ ወገብ ቀልጦ ተጣሟል፤ ከበታቹ ያለውም ወረቀት ጠቍሯል። በጨርቅ ይዤ ወደ ውጭ አወጣሁትና በሲሚንቶው ላይ አድርጌ ድንጋዮቹን ባወጣቸው በባዶ እጅ የማይያዙ ትኵስ ነበሩ። ጥቂት ዘግይተን ቢኾን ወረቀቱ በተያያዘ ነበር። ከዚያ በኋላ ምን ሊመጣ ይችል እንደ ነበር ልናገረው አልፈልግም።

በማግሥቱ አንዲት የጎረቤታችን ልጅ፥ እዚሁ ቂሊንጦ በሚገኘው በአዲስ አበባ ሳይንስና ቴክኖሎጂ ዩኒቨርሲቲ ምሕንድስና የምትማር፥ ካቻቢቴዋንና ፒንሳዋን ይዛ መጣች። ሮቦቱን ከመፍታቷ በፊት ውጭውን ዞር እያደረገች ተመለከተችው።

«ጋሼ፥ ይኽ ዕቃ ወድቋል ያለው ማን ነው?»

«እኔ ነኝ።»

«ቢወድቅ ኖሮ ከማዕዘኑ አንዱ ይሰነጠቅ ወይም ይጫር ነበር። ከቀለጠው ከወገቡ በቀር አንድ ጭረት የለበትም።»

ቀጥሎም ብሎኖቹን ፈታ ውስጡን አሳየችን። ከባትሪው ቤት ተነሥተው በጭኑ ውስጥ ወዳለው ሞተር የሚወርዱ ሁለት ሽቦዎች፥ አንዱ ቀይ አንዱ ጥቍር፥ አሉ። ሲሠራ ጀምሮ አጭር ተደርገው ስለ ተቈረጡ እግሩ በተራመደ ቍጥር ይወጠራሉ፤ በወገቡም መገጣጠሚያ ስለት ይፋተጋሉ። በቀዩ ሽቦ ውስጥ ያሉት የመዳብ ክሮች አብዛኞቹ ተበጥሰው በጥቂት ክር ብቻ ተይዞ ነበር። በመሬት ሲቆም የሚጠፋው፥ ሲነሣ ደግሞ የሚበራው ስለዚህ ነው። የሁለቱም ልባስ በአንድ ስፍራ ተልጦ ስለ ነበረ እኔ እግሩን አጥፌ ባጋደምሁት ጊዜ ራቁታቸውን ተነካክተው፥ ሰዎች ኮንታክት የሚሉት ነገር ኾነ።

እንግዲህ ጕድለቱ ከአሠራሩ ነበር፤ እሳቱን ያቀረብሁት ደግሞ እኔ ነበርሁ። በሥራ ቦታዬ የምስክር ቃል ስጽፍ ብዙ ዓመት አሳልፌአለሁ፤ ተከሳሽ ሳይሰማ፥ ለማስረጃ የቀረበውም ዕቃ ሳይመረመር ፍርድ እንደማይሰጥ ከኹሉ ይልቅ እኔ ዐውቃለሁ። በቤቴ ግን ከሳሹም ምስክሩም ዳኛውም እኔው ኾንሁ። ልጁን ጠርቼ በእናቱና በዚያች ተማሪ ፊት «ልጄ፥ እውነቱን ነግረኸኝ ነበር፤ ሌሊትም ቤታችንን ያዳንህ አንተ ነህ። የተሳሳትሁት እኔ ነኝና ይቅር በለኝ» አልሁት። እርሱም ጥቂት ዝም ብሎ፥ «እሺ አባባ፤ ታዲያ አኹን ይሠራል ወይ?» አለኝ።

ሠራ። እንዴት እንደ ተሠራም ለሌላው አባትና እናት እንዲጠቅም በተራ እጽፈዋለሁ። አስቀድሞ ግን የነገሩን ሥር ማወቅ ያስፈልጋል።

የኤሌክትሪክ ኀይል የሚሠራው ዙሮ ሲመለስ ነው። እንደ ፍርድ ቤት መልእክተኛ ከባትሪው በአንዱ ጫፍ ይወጣል፥ በማብሪያው አልፎ ወደ ሞተሩ ይደርሳል፥ በዚያም ሥራውን ፈጽሞ በሌላው ሽቦ ወደ ባትሪው ይመለሳል። መንገዱ በአንድ ስፍራ ከተቈረጠ ሥራው ይቆማል፤ ይኽ አደጋ የለውም። ሁለቱ ሽቦዎች በመንገድ ላይ ራቁታቸውን ከተነካኩ ግን ኀይሉ ሞተሩ ዘንድ ሳይደርስ በአቋራጭ ይመለሳል፤ ሥራ ያልሠራበትም ኀይል ወደ ትኵሳት ይለወጣል። አንድ የባትሪ ድንጋይ 1.5 ቮልት፥ ሦስት ሲደረደሩም 4.5 ቮልት ናቸው። በቤታችን ግድግዳ ያለው ኮረንቲ 220 ቮልት ነውና፥ 4.5 ቮልት ሰውን አይነዝርም ብለን እንንቀዋለን። ነገር ግን የማይነዝር ኹሉ አያቃጥልም ማለት አይደለም።

የአሠራሩ ተራ እንዲህ ነው።

አንደኛ፤ መጫወቻው መሥራት ሲያቆም ወይም ሲያበራ ሲያጠፋ ጊዜ ማብሪያውን ማጥፋት፥ ድንጋዮቹንም ወዲያው ማውጣት ነው። እኔ ይኽን ብቻ አድርጌ ቢኾን የሌሊቱ ነገር አይደርስም ነበር።

ሁለተኛ፤ የባትሪውን ቤት መመልከት ነው። የመደመርና የመቀነስ ምልክቶቹ ከድንጋዮቹ ጋር ይስማማሉ ወይ? አሮጌና ዐዲስ ድንጋይ ተቀላቅሎ ይኾን? በሞላው ላይ ነጭ ወይም አረንጓዴ ዝቃጭ ከታየ ድንጋዩ አፍስሷል ማለት ነው። ይኽ ፈሳሽ ቆዳንና ዐይንን ስለሚጐዳ ልጅ እንዲነካው አይገባም። በጥጥ ላይ ጥቂት ሎሚ ወይም ኮምጣጤ አድርጎ መጥረግ፥ በኋላም ፈጽሞ ማድረቅ ይበቃል። ብዙ ጊዜ በሽታው ይኸው ብቻ ኾኖ ይገኛል።

ሦስተኛ፤ ብሎኑ ከተፈታ በኋላ አንድም ሽቦ ሳይነቀል የትኛው ቀለም ከየት ወዴት እንደሚሄድ በወረቀት ላይ መሣል ነው። ቀዩና ጥቍሩ ከተለዋወጡ ሞተሩ ወደ ኋላ ይዞራል፤ ረቂቅ የኾኑት ክፍሎችም ሊቃጠሉ ይችላሉ።

አራተኛ፤ እያንዳንዱን ሽቦ ቀስ አድርጎ በጣት መነቅነቅ ነው። ሽቦ ከኹሉ አስቀድሞ የሚበላሸው በሚታጠፍበት በመገጣጠሚያው፥ በማብሪያው ሥርና በተበየደበት ጫፍ ነው።

አምስተኛ፤ ልባሱ ደኅና መስሎ ውስጡ የተበጠሰ ሽቦ ስለሚኖር፥ ከአንድ የባትሪ ድንጋይና ከእጅ ባትሪ አምፖል ጋር አያይዞ መፈተን ነው። አምፖሉ ከበራ ሽቦው ጤና ነው፤ ካልበራ ተቈርጧል። ቴስተር ያለው ሰው በእርሱ ይመርምር።

ስድስተኛ፤ የተበላሸውን ክፍል ቈርጦ ጥሎ፥ እግሩ ሲታጠፍ እንዳይወጠር ረዘም ያለ ሽቦ መቀጠል ነው። ጫፎቹ ተገምደው በስታኞ ይበየዳሉ፤ እያንዳንዳቸውም ለየብቻቸው በናስትሮ ይሸፈናሉ። ሁለቱ መቀጠያዎች ፊት ለፊት ሳይኾኑ አንዱ ከፍ አንዱ ዝቅ ብሎ መኾን አለበት። መበየጃው እጅግ ይግላልና ይኽ የአዋቂ ሥራ እንጂ የልጅ አይደለም።

ሰባተኛ፤ ከተዘጋም በኋላ 5 ደቂቃ ያህል አስኪዶ በእጅ መዳሰስ ነው። የሚግል ስፍራ ካለ ሥራው አልተፈጸመም።

እንዲሁም ፈጽሞ የማይነኩ ነገሮች አሉ። ሮቦቱ ደከመ ብሎ ከተሠራበት የበለጠ ኀይል መስጠት አይገባም። ከግድግዳ ሶኬት ጋር የሚገናኝ ቻርጀር ከተበላሸ በዐዲስ ይለወጥ እንጂ በቤት አይጠገን። በቻርጀር የሚሞላው የሊትየም ባትሪ ካበጠ አይበሳም፥ አይሞላም፤ ከቤት ውጭ ከሚቃጠል ነገር አርቆ ማኖር ነው። ሰው ተኝቶ ሳለ፥ ይልቁንም በአልጋ ላይ፥ ባትሪ መሙላት አይገባም። ከኹሉ የሚከፋው ደግሞ እንደ ልብስ ቍልፍ ያለችው ክብ ባትሪ ናት። ሕፃን ቢውጣት በጕሮሮው ተይዛ በ2 ሰዓት ውስጥ ሥጋውን ልታቃጥል ትችላለችና፥ በግድ ሳያስታውኩ ወዲያውኑ ወደ ሐኪም ቤት መሮጥ ነው። እንዲህ ያለ ባትሪ ያለበት መጫወቻ ክዳኑ በብሎን የታሰረ ካልኾነ ለሕፃን አይሰጥም።

ሮቦት የሚለው ስም በዓለም የተሰማው እንደ አውሮፓ አቈጣጠር በ1920 የቼኩ ደራሲ ካሬል ቻፔክ በጻፈው ተውኔት ነው፤ ቃሉም በአገሩ ቋንቋ የግዳጅ ሥራን ከሚያመለክት ቃል የወጣ ነው። በእኛም አገር በሰኔ 2010 ዓ.ም. ሶፊያ የተባለችው ሰው መሳይ ሮቦት ወደ አዲስ አበባ መጥታ ነበር፤ በአእምሮዋም ሥራ ላይ በአዲስ አበባ ያለው አይኮግ ላብስ ተካፍሎበታል። እርስዋም እንኳ ስትመጣ ከአካሏ ክፍሎች የነበሩበት ሻንጣ በፍራንክፈርት አውሮፕላን ማረፊያ ጠፍቶ ነበርና፥ ትልቁም ሮቦት እንደ ትንሹ በአንዲት ክፍል ጕድለት ይቸገራል።

በእኛው ወገን በአቃቂ ወንዝ ላይ ያለው የአባ ሳሙኤል የኤሌክትሪክ ማመንጫ ከአገራችን ቀደምት የውሃ ኀይል ማመንጫዎች አንዱ ነው። ኀይሉ 6.6 ሜጋዋት ሲኾን፥ ለብዙ ዓመታት ሥራ አቁሞ ከቆየ በኋላ ታድሶ እንደ አውሮፓ አቈጣጠር በ2016 እንደገና ሥራ ጀምሯል። የቆመ ነገር ኹሉ የሚጣል አለመኾኑን ልጆቻችን ከዚህ ይማሩ ዘንድ ይገባል። ከዚያ ቀን ወዲህ ልጄ በቤት ውስጥ አንድ ነገር ሲበላሽ ሸሽጎ አያስቀምጥም፤ ይዞልኝ ይመጣል። እኔም «ማን ሰበረው?» ማለቴን ትቼ «ምን ኾኖ ይኾን? ና አብረን እንየው» እላለሁ።

ስለዚህ፥ የተከበራችሁ አንባቢዎች፥ ዛሬ ማታ ወደ ቤታችሁ ስትገቡ ከቁም ሳጥን በላይና ከመሳቢያ ውስጥ ተጥሎ የተረሳ መጫወቻ እንዳለ ተመልከቱ፤ የባትሪ ድንጋዩንም አውጡለት። ልጃችሁም «አላደረግሁትም» ብሎ የተቀጣበት ነገር ካለ ዕቃውን አብራችሁ ፈታችሁ መርምሩ። በሚመጣው ሳምንት በዝናብ ወራት የቤት ኮረንቲ ከእርጥበት እንዴት እንደሚጠበቅ እንነጋገራለን።