ያገለገለ ታላቅ አውቶሞቢል ለመግዛት ለሚያስቡ

ለቤተ ሰብ በተመደበው በዚህ ገጽ ስለ ሞተር መጻፋችን አንዳንድ አንባቢዎቻችንን ያስደንቅ ይኾናል። ነገር ግን አንድ የተከበሩ ወዳጃችን ለልጆቻቸው ትምህርት ያስቀመጡትን ገንዘብ ከፍለው ባማረ አውቶሞቢል ወደ ቤታቸው ከገቡ በኋላ፥ አራት ወር ሳይሞላ ሞተሩ ተሰብሮ በግቢያቸው ሲቆም ስላየን፥ ነገሩ የቤተ ሰብ ነገር መኾኑን ተረዳነው። ባለቤታቸውም መልኩን የወደዱት እርስዎ ነዎት እየተባሉ እስከ ዛሬ ይወቀሳሉ፤ ሞተሩን ግን ጌታውም አላዩትም ነበር።

በ2016 ዓ.ም. በቤንዚንና በናፍጣ የሚሄድ የቤት አውቶሞቢል ወደ አገራችን እንዳይገባ ከተከለከለ ወዲህ፥ ገዢ የሚመርጠው አስቀድሞ ከገባው መካከል ነው። ዛሬ ሬንጅ ሮቨርንና ላንድ ክሩዘርን ብቻ እናስተያያለን።

በሬንጅ ሮቨር አስቀድሞ መጠየቅ የሚገባው የትኛው ሞተር እንደ ኾነ ነው፤ መልኩ አንድ ሲኾን ልቡ ልዩ ልዩ ነውና። በአውሮጳ አቈጣጠር በ2002 የወጣው ሦስተኛው ዐይነት በመዠመሪያ የቢ ኤም ደብልዩ 4.4 ሊትር ሞተር ነበረው፤ ከ2005 ገደማ ዠምሮ በጃጓር ሞተር ተለወጠ፤ በ2009 ደግሞ 5 ሊትር የኾነው ገባ። የዚህ የኋለኛው ጕልበት የሚያስመሰግን ነው። ኾኖም በፊተኞቹ ዓመታት በተሠሩት ላይ ካቴናውን የሚወጥረው ዕቃ ቶሎ ይበላል። ካቴናው ላልቶ ከስፍራው ከዘለለ ፒስቶንና ቫልቭ ይጋጫሉ፤ ያን ጊዜ ሞተሩን መለወጥ እንጂ መጠገን የለም። የውሃው ቧንቧም ፕላስቲክ ስለ ኾነ ሙቀት ሲበዛበት ይሰነጠቃል።

ከ1998 እስከ 2007 የተሠራው ላንድ ክሩዘር 4.7 ሊትር ሞተር አካሉ የብረት ነው፤ ቺንጋው ግን በ150,000 ኪሎ ሜትር ወይም ከዚያ ቀደም ብሎ መለወጥ አለበት። ከእርሱ በኋላ የመጣው 5.7 ሊትር ሞተር በካቴና የሚሠራ ነው፤ የታወቀ ሕመሙም የውሃ ፖምፓው ማፍሰሱ ነው። በ100 ኪሎ ሜትር 16 ሊትር ያህል ቤንዚን ይጠጣል፤ ሬንጅ ሮቨሩም ከዚህ አያንስም።

በሬንጅ ሮቨር መቀመጥ ክብር መኾኑን አንክድም። እኛ ብንጠየቅ ግን፥ ገንዘቡ የልጆች ከኾነ ላንድ ክሩዘሩን እንመርጣለን። ይህም ዘይቱ በጊዜው የተለወጠለት ከኾነ ነው፤ ዘይት የተነፈገ ላንድ ክሩዘር በሚገባ ከተያዘ ሬንጅ ሮቨር ይከፋል።

በአዲስ አበባ ከፍታ ውሃ በ92 ዲግሪ ገደማ ስለሚፈላ፥ የራዲያተሩ ክዳን በሚገባ መግጠሙን ተመልከቱ። የዘይቱን ክዳን ስትከፍቱ ወተት የመሰለ ነገር ካያችሁ ውሃና ዘይት ተቀላቅለው ይኾናልና መካኒክ ሳያየው አትክፈሉ። ከኹሉ በፊት ግን ሞተሩን በብርዱ ጧት አስነሥታችሁ ድምፁን ስሙ፤ ሻጩ አስቀድሞ አሙቆት ከቈያችሁ በማግሥቱ እንመለሳለን ብላችሁ ሂዱ።