ግድግዳው ሲሰነጠቅ ሲሚንቶው ብቻ አይወቀስ

በጅግጅጋ የአንድ ቤት ግድግዳ ሲሰነጠቅ ወቀሳው በቅድሚያ የሚያርፈው በግንበኛው ወይም በሲሚንቶው ላይ ነው። አንዳንዴ ልክ ይሆናል። ይሁንና በጅግጅጋ ሜዳ ሰፊ ቦታ የያዘው ጥቁር ኮትቻ ሊዘነጋ አይገባም፤ በደረቁ ወቅት ይሰነጣጠቃል፣ ሲዘንብ አብጦ ይገጥማል።

ምክንያቱ ስሜክታይት የተባለው የሸክላ ማዕድን ነው። ውኃ እጅግ ስስ በሆኑት ንብርብሮቹ መካከል ሲገባ ይራራቃሉ፤ ሲደርቅ ይቀራረባሉ። ሸክላ የበዛበት ደለል አለትም ከዚህ ጠባይ አላመለጠም። በስዊዘርላንድ፣ እ.ኤ.አ. ከ1996 ጀምሮ ምርምር በሚካሄድበት የሞን ቴሪ የከርሰ ምድር ቤተ ሙከራ፣ የአለቱ ስንጥቆች በቅዝቃዜው ወራት የዋሻው አየር ሲደርቅ ይከፈታሉ፤ በሙቀቱ ወራት እርጥበት ሲጨምር ይጠባሉ። (የእነርሱ ክረምት በዚህ ረገድ የእኛን በጋ ይመስላል።) እርጥበቱ ባይለዋወጥ ኖሮ አለቱም ኮትቻውም እንዲህ ባልተንቀሳቀሱ ነበር።

እኔን ይበልጥ የሚያሳስበኝ ብርካው ነው። ከጅግጅጋ እስከ ቀብሪበያህና ከዚያም ወዲያ ዝናብ አጠራቅሞ ለድርቁ ወራት የሚያቆየው ይህ የሲሚንቶ ጉድጓድ በኮትቻ ላይ ሲሠራ ክፉኛ ይፈተናል። አንዴ ከተሰነጠቀ የሚያፈሰው ውኃ ዙሪያውን ያለውን አፈር በአንድ ወገን ያሳብጠዋል፤ ስንጥቁ ይሰፋል፣ የሰውና የከብት መጠጥም መሬት ውስጥ ይቀራል።

በበጋ ተቆፍሮ «ድንጋይ ነው» የተባለ መሬት ሳይፈተን ሊታመን አይገባም። ፈተናው ቀላል ነው፦ 10 ሚሊ ሊትር የደረቀና የተነፋ አፈር በ100 ሚሊ ሊትር መስፈሪያ ብርጭቆ፣ ውኃ ውስጥ ጨምሮ በ24 ሰዓት ምን ያህል እንዳበጠ ማንበብ። ይህን የሳይንስ ተማሪዎች ብርካ ከመቆፈሩ በፊት ለየቀበሌው ሊያደርጉ ይችላሉ፤ ሊያደርጉም ይገባል እላለሁ።